ከሠላሳ ስድስቱ ሰዓት በኋላ

የ1983 ዓ.ም. ግንቦት በተነሣ ቁጥር የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ቀኖችን ይጠራል። አንደኛው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው የወጡበት ግንቦት 13 ነው። ሁለተኛው የኢሕአዴግ ሠራዊት ከተማዋን የያዘበት ግንቦት 20 ነው። በሁለቱ መካከል ስላሉት ስድስት ቀኖች ብዙ ሲወራ አይሰማም። ከኡራኤል እስከ መገናኛ፣ ከቦሌ እስከ ገርጂ የምንኖር ሰዎች ግን ከእነዚያ ስድስት ቀኖች ሁለቱን በጆሯችን እናስታውሳቸዋለን። ዓርብ ግንቦት 16 ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ግንቦት 17 ድረስ የአውሮፕላን ድምፅ ከጣራችን ላይ አልወረደም ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከኡራኤል ወደ መገናኛ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ያን ሰሞን የከተማው ሰው የሚፈራው አያጣም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዚያድ ባሬ ሲወጡ ሞቃዲሾ ምን እንደ ሆነች በሬዲዮ ሰምተናል። ከዚያ ቀደም ብሎ ሞንሮቪያ ያየችውንም ሰምተናል። ስለዚህ እናቴ ባገኘችው በርሜልና ጀሪካን ሁሉ ውኃ ሞልታ፣ ሽሮና በርበሬዋን ከአልጋ ሥር ሸሽጋ ትጠብቅ ነበር። አውሮፕላኖቹ አንዱ ሳይርቅ ሌላው ሲተካ ጎረቤቶቻችን «በቃ፣ ከተማዋ ልትደበደብ ነው» አሉ። ከኛ ግቢ ውስጥ ግን የአውሮፕላኖቹን ምሥጢር ቀድመው ያወቁ ሰዎች ነበሩ። እነሱም ያን ዕለት ጠዋት የክፍላቸውን ቁልፍ ለእናቴ ሰጥተው ወጥተዋል።

ዓለም ይህን ነገር «ዘመቻ ሰሎሞን» ብሎ ያውቀዋል። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። ይህ ብዙ የተጻፈበት፣ ፊልም የተሠራበት ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ግን ከ36ቱ ሰዓት በፊትና በኋላ ስለነበረው ነው። በተለይም በኋላ ስለነበረው። ምክንያቱም በዚያች ሌሊት ከኛ ግቢ ከወጡት ሰዎች መካከል አንዲቱ ከነልጆቿ ተመልሳ መጥታለች።

ከጎንደር እስከ ሰርቪስ ቤት

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በስሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በቋራና በትግራይ ለብዙ መቶ ዓመታት ኦሪትን ጠብቀው፣ ሰንበትን አክብረው የኖሩ ሕዝብ ናቸው። በሌላው ሰው አንደበት ግን ስማቸው «ፈላሻ» ነበር፤ ርስት የሌለው፣ የፈለሰ እንደ ማለት። ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ የሚል ውሳኔ ከ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ከአፄ ይስሐቅ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የአፄ ሱስንዮስ ጦር በስሜን ተራራ የነበራቸውን የመጨረሻ የራስ ገዝ ኃይል ሰበረው። ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው በሰው መሬት ላይ ሆነ። ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ጭቃ ጠፍጥፈው ጀበናና ምጣድ ያወጣሉ። አገሩ በማረሻቸው ያርሳል፤ በጀበናቸው ይጠጣል፤ ማታ ደግሞ «ቡዳ ናቸው» ይላል።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን ይህን ሕዝብ ክፉኛ ጎዳው። ከብቱ አለቀ፤ የደርቡሽ ጦር ጎንደርን አቃጠለ፤ ረሃብና ወረርሽኝ ተከተለ። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ ተበተኑ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን ማጥመቅ ጀምረው ነበር። በዚህም በዚያም ምክንያት፣ ከፊሉ በእምነት፣ ከፊሉ መሬት ለማግኘት፣ ከፊሉ ከስድብ ለመዳን ክርስትና ተነሣ። የእነዚህ ልጆችና የልጅ ልጆች ኋላ «ፈላስ ሙራ» ተባሉ። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አዲስ አበባም ከታሪኩ ውጭ አይደለችም። ዣክ ፋይትሎቪች የሚባለው አይሁዳዊ ምሁር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1896 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ልጆች ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወስዷል። ከእነዚያ አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመሩት እሳቸው ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ ስትገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ታምራትም ተሰደዱ። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በመንግሥት ሥራ አገልግለው በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ።

እስራኤል ለቤተ እስራኤል በሯን የከፈተችው ዘግይታ ነው። የሰፋርዲም ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1965 ዓ.ም. «አይሁድ ናቸው» ብለው ከወሰኑ በኋላ መንግሥቱ በ1967 ዓ.ም. የመመለስ ሕጉ ለእነሱም እንዲሠራ አደረገ። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ ስለ ነበር በአዲስ አበባ በኩል መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ወጣቱ በእግሩ ወደ ሱዳን ወረደ። ይህን መንገድ ከቀየሱት አንዱ ፈረደ አክሉም ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ከሱዳን በምሥጢር ተጓጓዘ። ወሬው ሲወጣ ዘመቻው ተቋረጠ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉት የሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ወደ 4,000 ይገመታሉ። ወላጅ ጎንደር፣ ልጅ እስራኤል፣ ወንድም በሱዳን አሸዋ ውስጥ ሆኖ ቀረ።

ግንኙነቱ በጥቅምት 1982 ዓ.ም. ሲታደስ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ኤምባሲው በአዲስ አበባ ተከፈተ። «አዲስ አበባ ግቡ፤ ከዚያ ትሄዳላችሁ» የሚል ወሬ በመንደሮቹ ተነዛ። ለዚህ የተነሡ የአሜሪካ አይሁድ ድርጅቶችም ነበሩ፤ መኪና ተከራይተው ሰዎቹን ማምጣት ጀመሩ። በ1982 ክረምት ከ20,000 የማያንስ ሰው ማረሻውንና ጎጆውን ጥሎ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ለገጠር ሰው አዲስ አበባ በክረምት ምን እንደምትመስል አስቡት። በአንድ ክፍል አሥር ሰው፤ ጭቃ፣ ብርድ፣ ኩፍኝ፣ ሳንባ ነቀርሳ።

የኛ ግቢ ተከራዮች የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከአምቦበር ወዲያ ካለች መንደር ነበሩ። አባወራው ብረት ቀጥቃጭ፣ ሚስቱ ሸክላ ሠሪ፣ አራት ልጆች፣ አንዲት ባልቴት አያት፣ እንዲሁም የአባወራው የአጎት ልጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር። ይህችን ሴት እኛ ልጆች «እትዬ» እንላት ነበር። ባልቴቷ የሁለቱም አያት ናቸው። ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አንዱ በአባቶቹ ሃይማኖት ጸና፤ ሌላው ለሚያርሰው መሬት ሲል ተጠመቀ። አባወራው የመጀመሪያው ልጅ ነው፤ እትዬ የሁለተኛው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ግን ያሳደጓት እኒያው ባልቴት ነበሩ።

ከዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቤት እውነቱን መናገር አለብኝ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለተከራዮቹ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ ለይተው አስቀምጠው ነበር። ውኃ ሲጠይቁ በእሷ ይሰጣቸዋል። እኔ ዳቦ ይዤ ስወጣ «ሸፍነህ ብላ» ይሉኝ ነበር። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው የአባወራውን ልጆች በዚያ በታወቀው ስድብ ሲያሳድዱ እኔም ከኋላ ሆኜ ጮኼአለሁ። እርግጥ ነው፣ እነሱም በበኩላቸው ከኛ ዕቃ አይበሉም፤ በጎንደር «አትንኩኝ» የሚባለውን ወግ ይጠብቁ ነበር። ነገር ግን የእነሱ መራቅ ሃይማኖታቸውን ለመጠበቅ ነበር፤ የኛ መራቅ ለማዋረድ ነበር። ይህን ልዩነት በዚያን ጊዜ አላወቅሁም።

ከሁሉ የሚገርመው ያቺ ጣሳ ለእትዬም መሆኗ ነው። እሷ ተጠምቃለች፤ ክርስቲያን ናት፤ ማተብ አስራለች። ለአያቴ ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። «የእነሱው ዘር ናት» አሉ።

በነሐሴ 1982 የአባወራው ትንሹ ልጅ በኩፍኝ ሞተ። የሰፈራችን ዕድር ድንኳን አልተከለም፤ አባል አይደሉማ። አባትየው በጋቢ የተጠቀለለውን ሬሳ ይዞ ከሦስት ሰዎች ጋር ወጣ፤ ማታ ባዶ እጁን ተመለሰ። እናቴ ብቻ የክፍላቸውን ደፍ ተሻግራ ከእናትየው ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች። በዚያ ክረምት እንዲህ ያለ ሬሳ ከብዙ ኪራይ ቤት ወጥቷል። ሞቱ የቀነሰው ጆይንት የሚባለው የአሜሪካ አይሁድ ዕርዳታ ድርጅት ቤት ለቤት እየዞረ የሚያክም ቡድን ካቋቋመ በኋላ ነው። በኤምባሲው ዙሪያም ለሺዎች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሰዎቹ በየወሩ የድጎማ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ የሰፈራችን አከራዮችም ይህን ሲያዩ የኪራዩን ዋጋ ከፍ አደረጉ። እኛም አድርገናል።

ሁለቱ ቀኖች

ከጀርባ የነበረው ድርድር የጦርነት ገበያ ይመስል ነበር። ደርግ መሣሪያና የአሜሪካን ወዳጅነት ይፈልጋል፤ እስራኤል ሰዎቹን ትፈልጋለች። በእስራኤል በኩል ዑሪ ሉብራኒና አምባሳደር አሸር ናይም፣ በኢትዮጵያ በኩል ዕብራይስጥ አሳምረው የሚናገሩት አቶ ካሳ ከበደ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሩዲ ቦሽዊትዝ የተባሉትን የቀድሞ ሴናተር ልከው ነገሩን ገፉበት። በመጨረሻ 35 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደረሰ። ገንዘቡን ያዋጡት የአሜሪካ አይሁድ ናቸው። መንግሥቱ ከሄዱ በኋላ ሥልጣኑን የያዙት ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ፈቃዱን ሰጡ። አማፅያኑ በዚያን ጊዜ ወደ ከተማዋ እየተጠጉ ነበር።

ዓርብ ማለዳ አንድ ወጣት መጥቶ በሩን አንኳኳ። ከእነሱው ወገን ነው። ባጭሩ ተናግሮ ወደሚቀጥለው ግቢ ሮጠ። አባወራው ወደ እናቴ መጥቶ ቁልፉን ሰጣት፤ «እመቤቴ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እንግዲህ እኛ መሄዳችን ነው» አለ። ነጭ ልብሳቸውን ለበሱ። ምጣዱ፣ ጀበናው፣ ወናፉ፣ መዶሻው ሁሉ በቦታው ቀረ። ዕቃ እንዳይዙ ተነግሯቸዋል። ባልቴቷ በእትዬ ትከሻ ተደግፈው ሲወጡ አየኋቸው። አያቴ በመስኮት ሲያዩ ነበር።

በኤምባሲው ግቢ የሆነውን ከተጻፉ ምስክርነቶች አውቀነዋል። ሰዎቹ በቤተሰብ መታወቂያቸው ይጣራሉ፤ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ግንባራቸው ላይ ይለጠፋል፤ በኪሳቸው ያለውን ብር እንዲተዉ ይደረጋል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ቦሌ። በማረፊያው የአየር ኃይሉ ሄርኩለሶችና የኤል አል ትልልቅ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነቅሎ ቆመዋል። አንዱ ጃምቦ ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ተነሣ፤ በአንድ አውሮፕላን ብዙ ሰው በማጓጓዝ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። በበረራ ላይ ሕፃናት ተወለዱ። ሰንበት ገብታ ነበር፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራልና በረራው አልቆመም። ቅዳሜ ሁሉም ነገር አለቀ።

ዓርብ ምሽት ግን፣ የሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። እትዬ ናት። አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን በእጇ ይዛለች። ግንባሯ ላይ ምንም የለም።

«ዝርዝሩ ውስጥ የለሽም አሉኝ» አለች። «አያቴን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ እኔን መለሱኝ።»

እናቴ አስገብታ አስቀመጠቻት፤ ውኃም ሰጠቻት። ውኃውን የሰጠቻት ለእንግዳ ከምናወጣው ብርጭቆ በአንዱ ነበር። አያቴ አዩ፤ ምንም አልተናገሩም። ጣሳዋን ከዚያ ቀን በኋላ አላየኋትም።

በር ላይ የቀሩት

በዚያ ዕለት ከኤምባሲውና ከአውሮፕላን ማረፊያው የተመለሱት ፈላስ ሙራ ወደ 3,000 ይጠጋሉ። ምክንያቱ አባቶቻቸው መጠመቃቸው ነው። እስራኤል «ሃይማኖታችሁን ለውጣችኋልና በመመለስ ሕጉ አትገቡም» አለች። በመንደራቸው ደግሞ ጎረቤት «የእነዚያው ዘር» ይላቸዋል። አያቴ በጣሳ የተናገሩትን መንግሥት በዝርዝር ተናገረው ማለት ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተለየ።

የቀሩት እነሱ ብቻም አልነበሩም። የቋራ ቤተ እስራኤላውያን ባሉበት አካባቢ በነበረው ጦርነት መንገዱ ስለተዘጋባቸው አዲስ አበባ አልደረሱም ነበር። ብዙዎቹ በ1984 ዓ.ም.፣ ሌሎቹ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ነው የሄዱት።

«ታዲያ ለምን ወደ አገራቸው አልተመለሱም?» የሚል አይጠፋም። እናቴም ይህንኑ ለእትዬ ጠይቃታለች። መልሷ ቀላል ነበር። ጎጆውን ሸጠዋል፤ በሬውን ሸጠዋል፤ መሬቱን የገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰጥቶታል። ጎረቤትም «ሄደዋል» ብሎ ተሰናብቷቸዋል። የተሰናበተህ መንደር ስትመለስ ደስ አይለውም።

ይህ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከናዚ ግድያ የተረፉ አይሁድ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ብዙዎቹ በቤታቸው ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኙ። በፖላንድ ኪየልትሴ በምትባል ከተማ፣ ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 1946፣ ከሞት የተረፉ 42 አይሁድ በከተማው ሰው እጅ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሺህ ሰው ሸሽቶ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በኢጣልያ በነበሩ የተፈናቃዮች መጠለያዎች ተከማቸ፤ በጠቅላላው ሩብ ሚሊዮን ያህል አይሁድ በእነዚያ መጠለያዎች አልፈዋል። ከመጠለያዎቹ የመጨረሻው፣ በባቫሪያ የነበረው ፎረንቫልድ፣ የተዘጋው በ1957 ነው። ጦርነቱ ካለቀ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ጦርነት የሚያበቃበት ቀን በታሪክ መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር ይጻፋል። ለተፈናቀለ ሰው ግን የሚያበቃው በር ሲያገኝ ነው።

በኛም ከተማ ግንቦት 20 ጦርነቱ አለቀ ተባለ። በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ንጋት ላይ፣ በንፋስ ስልክ በኩል የነበረው የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ሰፈሩን አጋየው። የሞቱት ተኝተው የነበሩ ነዋሪዎች ናቸው። የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን እዚያ ሲቀርጽ አንድ ክንዱን አጣ፤ ድምፅ የሚቀዳለት ባልደረባው ጆን ማታይ ሞተ። እኛ በምሥራቁ በኩል ያለነው ሰዎች ጩኸቱን ስንሰማ አውሮፕላኖቹ የተመለሱ መሰለን።

በሰኔ አጎቴ መጣ። በአሥመራ በኩል ወታደር ነበር። ግንባሩ ሲፈርስ ከብዙ ሺህ ጓደኞቹ ጋር ወደ ከሰላ ተሻግሮ፣ መሣሪያውን ለሱዳን መንግሥት አስረክቦ፣ እንደ ስደተኛ ተቆጥሮ ተመለሰ። መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞው ሠራዊት አባላት በዚያ ዓመት እንዲህ በየቤቱ መጡ፤ ቤት የሌላቸው በየጎዳናው ወጡ። በሰሜን የነበሩ የወታደር ሚስቶችና ልጆች እየተፈናቀሉ በከተማዋ መጠለያዎች ዓመታት አሳለፉ። አጎቴ ባልና ሚስቱ ከለቀቁት ክፍል ገባ። እትዬ ቀጥሎ ባለው ነበረች።

አንድ ማታ ሦስታችን በደጅ ተቀምጠን ሳለ እትዬ አጎቴን ጠየቀችው።

«ሱዳን ነበርኩ አልከኝ። ኡም ራኩባን አየሃት?»

«አላየኋትም። እኔ ከሰላ ነበርኩ። ምነው?»

«ወንድሜ በ76 ወደዚያ ወርዶ ነበር። በዚያው ቀረ።»

አጎቴ ዝም አለ። ቆይቶ «እዚያ የሚቀበርበት ምድር አሸዋ ነው፤ ምልክት አይቆይም» አላት። ይህን ለምን እንደ ተናገረ አላውቅም። ምናልባት መፈለግ እንድትተው ብሎ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ብዙ ይጨዋወቱ ነበር። እሱ የጡረታና የመቋቋሚያ ወረቀት ለማግኘት ይሰለፋል፤ እሷ የመግቢያ ፈቃድ ለማግኘት ትሰለፋለች። ማታ ሲገናኙ «ዛሬስ?» ይባባላሉ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

እትዬ እንጀራ እየጋገረች ለሱቅ ታስረክብ ነበር። ልጆቿን አዲስ አበባ ውስጥ የአሜሪካ አይሁድ ድርጅት ለቀሩት ባቋቋመው ግቢ አስገባች። እዚያ ዕብራይስጥ ይማራሉ፤ ምሳ ይበላሉ። እሷም ማተቧን ፈትታ በቅዳሜ ሥራ መተው ጀመረች። ሰፈሩ «ለአውሮፕላን ብላ ነው» አለ። እኔ አንድ ቀን ይህንኑ ብላት «አባቴ ለመሬት ብሎ አሰረው፤ እኔ ለአያቴ ብዬ ፈታሁት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰው ሃይማኖት ምክንያት አልጠየቅሁም።

ባልቴቷ በ1986 ዓ.ም. እስራኤል አገር አረፉ። ወሬው በደብዳቤ መጣ፤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ አለቀሰ፤ እናቴ ንፍሮ ቀቀለች፤ አያቴም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀመጡ።

የእስራኤል መንግሥት በ1989 ዓ.ም. በግቢው የነበሩትን ለመውሰድ ወሰነ። እትዬ ተራዋ ደርሷት በ1990 ዓ.ም. ከልጆቿ ጋር ሄደች። ሰባት ዓመት ጠብቃለች። በቦሌ ስንሸኛት አውሮፕላን ማረፊያው ጭር ያለ ነበር፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ፓስፖርቷን አሳይታ ገባች። ግንባሯ ላይ ቁጥር አልለጠፉባትም።

የማያልቀው ወረፋ

ቀድመው የሄዱትም ቢሆኑ የጠበቃቸው ማርና ወተት ብቻ አልነበረም። ለብዙ ጊዜ በተንቀሳቃሽ ቤቶችና በሆቴሎች ኖረዋል። የቄሶቻቸው ሥልጣን ተነካ። በጥር 1988 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በምሥጢር ሲደፋ መኖሩ በጋዜጣ ሲወጣ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። እዚህ «ቡዳ» ተብለው፣ እዚያ ደማቸው ተደፋ። ሆኖም ታግለው ብዙ ነገር አግኝተዋል። በአምቦበር ተራራ ሲያከብሩት የነበረው ስግድ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በእስራኤል ሕግ የታወቀ በዓል ነው።

የቀሩትም ታሪክ አላለቀም። ከእትዬ በኋላ ሌሎች መጡ፤ ጎንደር ላይ ሌላ ወረፋ ተሠራ። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. «የመጨረሻው በረራ» ተባለ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ የቀሩ ሺዎች እንዲገቡ እንደ ገና ተወሰነ። በ2013 ዓ.ም. ሌላ ዘመቻ ተጀመረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን በአውሮፕላን አወጣች። አሁንም ጦርነት፣ አሁንም አውሮፕላን፣ አሁንም ከበር የተመለሰ ዘመድ። ከጦርነቱ በኋላ 12 ዓመት የቆየው ፎረንቫልድ ከዚህ ጋር ሲተያይ አጭር ሆነ።

ቦሌ ዛሬ ሌላ ቦሌ ናት። የ1983ቱን ማረፊያ የሚያውቅ ሰው አዲሶቹን ተርሚናሎች ሲያይ የቱ የት እንደ ነበር ይጠፋበታል። እነዚያ ሺዎች ነጭ ለብሰው የተሰለፉበትን ሜዳም በጣት ማሳየት ያስቸግራል። ከኡራኤል እስከ መገናኛ የነበሩት ሰርቪስ ቤቶችም አብዛኞቹ ፈርሰው ፎቅ ተሠርቶባቸዋል። የኛም ፈርሷል። ሲፈርስ ከጣራው ሥር የአባወራውን ትንሽ መዶሻ አገኘሁ፤ እጀታው በምስጥ ተበልቷል፤ ብረቱ ግን እንዳለ ነው። አሁን ከኔ ጋር ነው።

የ36ቱን ሰዓት ታሪክ ጄኔራሎችና አምባሳደሮች ጽፈውታል፤ መልካም አድርገዋል። ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ዓመትና ከዚያ በኋላ የመጡትን ብዙ ዓመታት ግን የሚያውቁት አከራዮች፣ ጎረቤቶች፣ እንጀራ የገዙ ባለሱቆች ናቸው። እነዚህ ሰዎች እያረጁ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ ካደግህ ወይም ካደግሽ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን ሽማግሌዎች አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. በግቢያችን ማን ተከራይቶ ነበር? ውኃስ የምንሰጣቸው በምን ነበር?

ሁለተኛውን ጥያቄ ሲሰሙ ዝም የሚሉ ይኖራሉ። ቢሆንም ጠይቋቸው።